የቆረጥኩት ኮባ

ሰው ስደት ሲባል አውሮፕላን ነው የሚታየው። እኔና ባለቤቴ የተሰደድነው በአውቶቡስ ነው፤ ያውም ከኢትዮጵያ ሳንወጣ። ከጎጃም ሆሳዕና። ፓስፖርት የጠየቀን የለም፤ በየኬላው ግን የይለፍ ወረቀታችንን እያገላበጡ ፊታችንንና ፎቶአችንን ያስተያዩ ነበር። ስንደርስ ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ጸሎቱ ሌላ። ይሄ ሌላ አገር ካልሆነ፣ ሌላ አገር የሚባለው ታዲያ የቱ ነው?

የወጣንበትን ምክንያት ባጭሩ ልናገርና ልገላገል። የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ገደሉት። ጠዋት መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በዚያን ጊዜ እንደዚያ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ትምህርት ቢሮ የሚሠራ ወዳጃችን ባለቤቴን ጠርቶ፣ "ለራስህ ስትል ራቅ በል፤ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ አስተማሪ ይፈልጋሉ" አለው። ሄድን። አውቶቡሱ ሲነሳ እናቴ ታች ሆና እያለቀሰች ታየኛለች፣ እኔ መስኮቱ ላይ ያለውን ጭረት አያለሁ። ጨካኝ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ደንዝዤ ነው። ጥርስ የነቀሉለት ሰው መንጋጋ እንደሚደነዝዘው፣ እኔን መላ ሰውነቴ ደንዝዞኝ ነበር።

ሆሳዕና ስንገባ ቀበሌው ቤት ሰጠን። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን። ጸሐፊው ቁልፉን እያቀበለን "ግቢውም የእናንተው ነው" አለ። ያቺን ቃል ይዣት ነበር፤ ኋላ ጉድ የሠራችኝም እሷ ናት። ከግቢው ጀርባ፣ አንዲት ጎጆ ውስጥ፣ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። የኛ ቤት የሳቸው የነበረ መሆኑን፣ "ትርፍ ቤት" ተብሎ እንደተወሰደባቸው የነገረኝ አልነበረም። ጴንጤ ናቸው፤ የሚጸልዩበት ቤት በመንግሥት ስለታሸገ መዝሙራቸውን ሥራ እየሠሩ በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩታል። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን በሐዲይኛም ባማርኛም ደህንነቴን ሳይጠይቁ አይውሉም። እኔ አንገቴን ነቅንቄ እገባለሁ።

ሻንጣዬን አልፈታሁም። ከዓመት በላይ አንቆይም ብዬ ነበርና ለምን እፈታለሁ? ጎረቤት ቆጮ በጎመን ሲልክልኝ አንድ ጎርሼ፣ የቀረውን በግቢው ለሚዞሩ የሰው ዶሮዎች እሰጣለሁ። ባለቤቴ ያየኝና "ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" ይለኛል። ለማሳቅ ነው። እኔ ግን መሳቂያዬ ጎጃም ቀርቷል።

ከቤቱ ጓሮ ኮባ ነበር። እኛ አገር ኮባ በየጓሮው አንድ ሁለት ይተከላል፤ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፣ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። እዚህ ግን አሥር ሆኖ ተጠጋግቶ ቆሟል። ፀሐይ ከልክሎኛል። እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ዳቦ ቢወዱ ነው እያልኩ በልቤ አላግጥ ነበር። እንሰት የሚባል ነገር ስሙን ሰምቻለሁ፤ ራቅ ካለ እርሻ ላይ የሚዘራ እህል ነገር ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ አስተማሪ ነው፤ ምድር ለምን እንደምትዞር ሳይጠየቅ ያብራራል፤ ይቺን ግን አላብራራልኝም። እሱም እንደኔው ጎጃሜ ነዋ!

በሦስተኛው ሳምንት፣ እማማ ጃጁራ ገበያ በሄዱበት ቀን፣ ጌሾና ጎመን ልተክል ተነሣሁ።

"ይሄን ኮባ ቁረጥልኝ" አልኩት ባለቤቴን።

"የሰው እንዳይሆን?"

"ግቢው የእናንተው ነው አልተባልንም እንዴ?"

ቆንጨራ ተውሶ መጣ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እጎትታለሁ። ግንዱ ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይወድቃል። ዘጠኙን ጣልናቸው። አሥረኛውን ለዳቦዬ አስቀረሁት፤ ሙያዬ እንዳይቀርብኝ።

እማማ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ቅርጫታቸውን አስቀመጡና ጓሮው አፍ ላይ ቆሙ። ከዚያ አንዱ ጉቶ አጠገብ በርከክ ብለው፣ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ግንባር እንደሚዳስስ ሰው በመዳፋቸው ዳሰሱት። አልጮሁም። ተነሥተው በአጥሩ በኩል የሆነ ነገር ተጣሩ። ወዲያው አምስት ስድስት ሴቶች ሳንቃና የቀርከሃ መፋቂያ ይዘው መጡ። ቅጠል አነጠፉ፣ ሳንቃውን አቆሙ፣ ግንዱን እየሰነጠቁ በአንድ እግራቸው ሳንቃው ላይ ደግፈው ይፍቁት ጀመር። ነጭ ነገር እየወረደ ይከመራል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንዷም ቀና ብላ አልተሳደበችም።

ከሴቶቹ አንዷ ነጋዴ ነበረች፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው።

"ምንድን ነው የምታደርጉት?" አልኳት።

"የሚተርፈውን እናተርፋለን። ከዋለ ካደረ ይበላሻላ" አለችኝ። "ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሦስት ይቀረው ነበር። ቆጮ ከምን የሚሠራ መስሎሽ ነው? የእማማ የሚመጡት ዓመታት ቀለብ ይሄ ነበር። ቤቱን ወሰዱባቸው፣ እንሰቱ ነበር የቀራቸው።"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛ አገር ቢሆን ሦስት ዱላ በተሰበረ ነበር፤ ምነው በተሰበረልኝም! እማማ ሲጨርሱ እጃቸውን በቅጠል ጠረጉና ወደኔ መጥተው "ልጄ፣ አላወቅሽም" አሉኝ። ከጎጃም ከወጣሁ ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ያቺ ሐፍረት ናት።

ባለቤቴ በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ለመነ፤ አንዱ ከሰሜን መጥተው እዚያው ያረጁ ጡረተኛ፣ ሌላው የእማማ ዘመድ። ገብስ እንስጥ፣ ገንዘብ እንስጥ አልን። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሐዲይኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፣ ዘመዳቸው ተረጎሙልን።

"በቆረጠችው ልክ በእጇ ትትከል። እስኪደርስ ትጠብቅልኝ።"

"ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው?" አልኩ።

"አምስትም ስድስትም ዓመት።"

ፈጣሪዬ! ሻንጣዬ እንኳ አልተፈታም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። እሺ አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ዘጠኝ ችግኝ እማማ ራሳቸው ሰጡኝ። በየማለዳው ከሰው በረት ፍግ በቅርጫት ተሸክሜ አመጣለሁ፤ የአስተማሪ ሚስት ፍግ ስትሸከም ለማየት ሰው በር ላይ ይወጣ ነበር። ይውጣ! ችግኙ ይዞልኝ ቅጠሉን ሲዘረጋ እማማ ይመጡና ነቅለው ሌላ ቦታ ያስተክሉኛል።

"ኧረ እማማ! አሁን ለምዶ እያለ?"

"ካልተነቀለ አይወፍርም" ይሉኛል።

ሁለቴ አስነቀሉኝ። ጌሾዬም ጎመኔም ሳይተከሉ ቀሩ። ሻንጣውን የፈታሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ አንድ ቀን ባዶውን አየሁት፣ ሽንኩርት አስቀመጥኩበት። ቆጮ መብላት ለመድኩ፤ ልክ ሰው መድኃኒት እንደሚለምደው። የሐዲይኛውን ሰላምታ ቻልኩ። ልጅ አልሰጠንም። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲገባ "ዘጠኙ ልጆችሽ እንዴት ዋሉ?" ይለኛል፤ "አድገዋል" እለዋለሁ። ደስታ ነበረሽ ወይ ብትሉኝ አልነበረኝም። ኀዘንም አልነበረኝም። ፍግ ነበረኝ፣ ማለዳ ነበረኝ፣ እማማ ከጎጆአቸው ሲያንጎራጉሩ ይሰማኝ ነበር። ዓመታቱ እንዲሁ አለፉ።

እናቴ በሰው እያስጻፈች ትልካለች። የመጨረሻው ደብዳቤ "ዓይኔ ሳይጠፋ ነይ፤ መልክሽን ልየው" ይላል።

በአምስተኛው ዓመት ባለቤቴ ወረቀት እያውለበለበ ገባ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ዝውውሩ ተፈቅዷል፤ ጎጃም! እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቶቹ ከቁመቴ በላይ ሆነዋል። አንድ ዓመት ይቀራቸዋል። ለእማማ ሄጄ ነገርኳቸው።

"ሂጂ" አሉኝ ሳያቅማሙ። "እናት ትበልጣለች። እኔ እጠብቀዋለሁ።"

ፈቱኝ እኮ! በሽማግሌ ፊት ያሰሩኝ ሰው ራሳቸው ፈቱኝ። እኔ ግን ቤት ገብቼ ባለቤቴን "አንዲት ዓመት ናት፣ አስተላልፈው" አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። በሦስተኛው ቀን ዝውውሩ ለዓመት ይተላለፍልኝ ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። ለሰው ሁሉ "ቃል ገብቻለሁ" ነው ያልኩት፤ አዎን ገብቻለሁ። ግን እውነቱን ዛሬ ልናገር፤ ፈርቼም ነው። ያን ልጁ የተጣለበትን መንገድ ዳር ዳግም በእግሬ ማለፍ ፈራሁ። ለእናቴ "ለከርሞ እመጣለሁ" ብዬ ጻፍኩላት።

ከርሞ ሳይደርስ፣ አንድ ማለዳ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹም አሉ። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። የመርዶው ደብዳቤ ከደረሰው ሁለት ቀኑ ነበር፤ ደብቆኝ ነው። "እናትሽ ዐርፋለች" አሉኝ።

ከሰሜን የመጡት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ይጮኻሉ፣ የሰፈሩ ሴቶች ቀስ ብለው መዝሙራቸውን ይዘዋል። እኔ ፍራሽ ላይ አማቴ እንደተቀመጡት ተቀምጫለሁ። ነጋዴዋ ሴት አቅፋኝ "አልቅሺ እንጂ፣ እዚህ ማን ይከለክልሻል?" ትለኛለች። አልመጣልኝም። እናቴ ሞታ እንባ አጣሁላት። ራሴን ጠላሁት።

ረፋዱ ላይ ከጓሮ የቆንጨራ ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ መቼም አልስተውም። ከፍራሹ ተነሥቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ሦስቱ ወድቀዋል። እማማ ከሁለት ሴቶች ጋር ሆነው የአንዱን ሥር እየቆፈሩ ያወጣሉ፤ ሥሩ ተቀቅሎ የዚያኑ ዕለት ይበላል፣ ለለቀስተኛው ነው። አንድ የሰፈር ጎረምሳ ደግሞ ቆንጨራውን ይዞ ወደ አራተኛው ዞሯል።

"ኧረ እማማ! ምን ሆነዋል? የእርስዎ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የእርስዎ ነው! እናቴን ትቼ የጠበቅኩት ለእርስዎ ነው!"

እማማ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። እጃቸው አፈር ነው። አዩኝ፣ አዩኝና፣

"ልጄ፣ ዛሬም አላወቅሽም። የእኔ የአንቺም ነው" አሉኝ።

እዚያው ቅጠሉ ላይ ወደቅኩና አለቀስኩ። ስለ እናቴ አለቀስኩ፤ መንገድ ዳር ስለተጣለው ልጅም፣ አማቴ ነጠላቸው ውስጥ ውጠው ስላስቀሩት ጩኸትም። ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ነው የጮህኩት። ባለቤቴ ሮጦ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ፤ እሱም ወንድሙን በስሙ ሲጠራው ከስድስት ዓመት በኋላ ያን ቀን ሰማሁት። ከልካይ አልመጣም። ሴቶቹ የያዙትን አስቀምጠው ከበቡን፤ እማማም አፈር በነካው እጃቸው ራሴን ይዘው አብረውኝ ተቀመጡ።