ከሻሹ የተረፈችው ቁራጭ

ሊይዙኝ ሲመጡ ፀጉሬን በጨርቅ ቁራጭ አስሬ የአንድ ሕፃን ስም እየጠለፍኩ ነበር። አባያዬን እንድደርብ ጊዜ ሰጡኝ። እስር ቤቱ በር ላይ ስልኬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ኢቃማዬን፣ የአንገቴን ማተብ ሳይቀር ወሰዱ። ፀጉሬ ላይ ያለችውን ቁራጭ ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

ሳምንቱን ሰው ቤት እሠራለሁ። አርብ አርብ ሪያድ ውስጥ፣ ሱወይዲ ሰፈር፣ ከጓደኞቼ ጋር በተከራየናት ክፍል የእንጨት ፍሬም ላይ ሸራ ወጥሬ ጨርቅ አለብሳለሁ። ሰዎች የሚሳሱለትን ጨርቅ ያመጡልኛል፤ የሠርግ ቀሚስ፣ የልጅ መታቀፊያ፣ የእናት ነጠላ። ስም እጠልፍበትና የግድግዳ ጌጥ ይሆናል። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ የሰው ጨርቅ አልቆርጥም። ትርፉን ወደ ኋላ አጥፌ በስቴፕለር እመታዋለሁ፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ነቅሎ እንዲወስደው።

ያስያዘኝም ይኸው ሥራ ነው። በየአሠሪዎቻቸው ቤት የሞቱ፣ አሟሟታቸውን የጠየቀላቸው የሌለ ያገሬ ሴት ልጆች ነበሩ። ጓደኞቻቸው ሻሾቻቸውን ለቃቅመው አመጡልኝ። ሁሉንም አንድ ትልቅ ሸራ ላይ ጎን ለጎን አለበስኩና በየሻሹ ስማቸውን ጠለፍኩ። ሙረባዕ ሰፈር፣ አንዲት ጓደኛችን ክፍል ሰቅለን ተላቀስን። ከመካከላችን አንዷ ፎቶ አንስታ ላከች፤ ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ መንግሥት እጅ ገባ።

መርማሪው ሸራውን እያሳየ «ይህ የየትኛው ድርጅት ባንዲራ ነው?» አለኝ።

«ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው» አልኩት። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አላየኝም። ካለፈቃድ ተሰብስባችኋል ተባልኩ። በማግስቱ ሸራው መቃጠሉን ነገሩኝ።

የገባሁበት ክፍል በረኪና በረኪና ይሸታል። መብራቱ አይጠፋም፤ ኤሲው ፍራሾቹ ላይ ይንጠባጠባል። ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዷ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የወሎ ሴት፣ ተነሥታ መጣች። ኢቃማዋ አልፎበት ለተርሂል፣ ወደ አገር ለመባረር፣ ተራ የምትጠብቅ ናት።

«እህቴ፣ ፀጉርሽ ላይ ያለው ከየት መጣ?»

ፈትቼ ሰጠኋት። አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ ዳሩ በቢጫ ክር ተጠልፏል። ክሩን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«ወላሂ ይኸን እኔ ነኝ የጠለፍኩት። ለታናሽ እህቴ።»

ያኔ ገባኝ፤ እህቷ ሸራው ላይ ስማቸውን ከጠለፍኩላቸው አንዷ ነበረች። ያ ሻሽ ወፍራም ነበር፤ ማዕዘኑ ላይ ሲታጠፍ እየጎበጠ ቢያስቸግረኝ ሕጌን ጥሼ ዳሩን በመቀስ ከረከምኩት። ቁራጩን መጣል አሳዝኖኝ ፀጉሬን አስርበት ነበር።

«ቆረጥሽው? የሙት ልብስ በመቀስ ይነካል?»

አንገቴን ደፋሁ።

«የቀረውስ?»

«አቃጠሉት።»

«እንግዲያ ያልቆረጥሽው ነው የሄደው» አለችና እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። «አብሽሪ።» ሐዘንተኛዋ እሷ፣ የምትጽናናው እኔ።

በማግስቱ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ እንደምትሄድ ነገሯት። ፍተሻ ላይ ብጥስጣሽ ጨርቅ ካገኙ ቆሻሻ ነው ብለው እንደሚጥሉት ሴቶቹ ያወራሉ። «እህቴን እዚሁ ቀበሯት። ለእናቴ ምን ይዤ ልግባ?» አለችኝ።

የተምር ካርቶን በእጄ ቀደድኩና በመዳፍ ልክ አስተካከልኩት። ቁራጩን እየጠመጠምኩ፣ ማዕዘኑን እያጠፍኩ፣ ቢጫው ጥልፍ ፊት ለፊት እንዲውል አድርጌ አለበስኩት። «አርብ ሳይደርስ ሥራ ጀመርሽ?» ብላ አንዷ አሾፈችብኝ፤ ሥቀን ነበር። የእህቷን ስም ልጠልፍበት መርፌ አልነበረኝም። ሙጫም ስለሌለ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ጠባቂዋ በር ላይ ነጠቀቻት። «ካርቶን መምኑዕ!» ክልክል ነው።

ሴትዮዋ አልለመነችም። እጇን ዘረጋች፤ ጠባቂዋም ምን እንደነካት እንጃ፣ መለሰችላት። ሴትዮዋ ካርቶኑን ከጨርቁ ውስጥ ስባ አወጣችና በሁለት እጇ አስረከበቻት። ከዚያ በሁላችንም ፊት፣ ሳትቸኩል፣ ፀጉሯን በእህቷ ጨርቅ አሰረች።

«ፀጉር ማሰሪያ ነው» አልኩ በአረብኛ፣ ሳልጠየቅ።

ጠባቂዋ አየችኝ፣ አየቻት። «ያላ፣ ኸላስ» አለች፤ በቃ ሂጂ ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ሒጃቧን ከላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ወጣች።

እኔን ከፊሌ፣ ዋስ የሆነኝ አሠሪዬ፣ ፈርሞ አስፈታኝ። ዛሬም ሪያድ ነኝ፤ አርብ አርብ ዛሬም ሸራ አለብሳለሁ። ግን ከመጀመሬ በፊት ከእያንዳንዱ ጨርቅ ጠበብ ያለች ቁራጭ ቆርጬ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። «ምነው እህቴ፣ አበላሸሽው እኮ!» ይሉኛል። «ግድ የለም፣ ይቺን ለብቻ አስቀምጧት» እላለሁ።

አረንጓዴዋ ወሎ ገብታለች ብዬ አምናለሁ። የሚቆጨኝ የሌሎቹ ነው። የእነሱን ሻሽ አልቆረጥኩም፤ ሕጌን ጠብቄ፣ ጫፉን ሳላጎድል፣ አሳምሬ አጥፌ ነበር የመታሁት። እናቶቻቸው ቢጠይቁኝ የምሰጣቸው አንዲት ክር የለኝም።