ከበሰለ አይለበልብም

ደባርቅ ክረምቱ ሲገባ ከቤቴ አጥር ሥር ሳማ ይበቅላል። እስከ ዘንድሮ ነክቼው አላውቅም። ዛሬ ለጋ ለጋውን በጨርቅ ይዤ ቀነጠስሁና ከነጭ ሽንኩርትና ከገብስ ዱቄት ጋር ጣድሁት። ሽታው ሲነሣ ባቴን በላኝ።

በልጅነቴ ዳባት ሳለን፣ እናቴ ከሞተች በኋላ የመጣችው የእንጀራ እናቴ፣ ጣቴን ከቅቤው ቅል ስነክር ያዘችኝ። አንድ እስር ሳማ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ባቴን ገረፈችኝ። አባቴ እደጁ ተቀምጦ እርፍ ይጠርብ ነበር፤ ቀና አላለም። ማታ ያንኑ ሳማ ቀቀለችና በጣባ አቀረበችልኝ።

«ብዪ» አለችኝ። «ከበሰለ አይለበልብም።»

በላሁ። እግሬ እየነደደ ጣባውን ጠረግሁት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ከግርፊያው ይልቅ ይቅር ያላልኋት ይህን ነው።

አሁን ልጆቿ ጎንደር ገብተው ትተዋታል። እኔም ሰው ምን ይላል ብዬ ተቀበልኋት። ዓይኗ ደክሟል። ሳህኑን እፊቷ አስቀመጥሁላት።

«ምን ሠራሽ፣ ልጄ?»

«ሳማ ነው፣ እትዬ።»

እጇ ሳህኑ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ሳማስ አንቺ ነበርሽ የምትወጂው» አለች፣ ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ያስለመድሁሽ።»

«ይብሉ» አልኋት። «ከበሰለ አይለበልብም።»

የማንን ቃል እንደመለስሁላት ታውቅ እንደሆነ ፊቷን አየሁ፤ ምንም አላገኘሁበትም። እጇን ወደ ጉልበቷ መለሰች። እኔም ሳህኑን አላነሣሁም።