የአባቴ ምስክር ወረቀት

የአባቴ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር እግሬን ያሳክከኛል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አፍንጫውን በቅጡ መጥረግ ያልቻለ፣ ራሱ ገና አምስተኛ ክፍል የሚማር መምህር!

በደርግ ጊዜ፣ እኛ በነበርንበት በሆሳዕና ዳር፣ ደብተር ብርቅ ነበር። ከጓሯችን ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጠን ፊደሉን በእሾህ እንጭርበታለን። የተጫረው ከአፍታ በኋላ ይጠቁራል፤ የእርጥቡ ቅጠል ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። አባቴ «ለ»ን ባጣመመ ቁጥር «ይቺ እግሯን ተሰብራለች፤ ወጌሻ ጥራ!» ይልና አብረን እንንከተከታለን። ምኞቱ ፎንቆ ገበያ ሲወርድ ያየውን ጽሑፍ ሰው ሳይጠይቅ ማንበብ ነበር። እኔም ማስተማር ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ፣ ተማሪው ፈተና ላለፈለት ልጅ ሸራ ጫማ ይሸለማል ተባለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቴ ጫማ መሰለኝ። ሲሳሳት ተቆጣሁት፤ ሲስቅ ጊዜዬን የሚያባክን መሰለኝ። ገና «ተ» ላይ ነበር፤ እንደማይደርስ ገባኝ። ፈተናው ከመሠረተ ትምህርት መጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ እንደሆነ ከጓደኞቼ ሰማሁና ገጹን በቃሉ አስጠናሁት።

በፈተናው ቀን መጽሐፉን ዘርግቶ እንደ ውኃ አወረደው። ተጨበጨበ። እሱ ወረቀት፣ እኔ ጫማ ይዘን ተመለስን።

በማግስቱ አዲስ ቅጠል ቆርጦ መጣ።

«መምህር፣ ከ‹ተ› እንቀጥል።»

«ጨርሰሃል እኮ አባባ! ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ወረቀቱ ያውቅ ይሆናል። እኔ አላወቅሁም።»

«ለዚህኛው ደግሞ ምን ይሰጡኛል?» አልኩት። ቀልዴን አልነበረም፤ የምር ደክሞኝ ነበር። ያ ሁሉ ሳቅ፣ ጫማ ከተከፈለበት በኋላ፣ ዞሮ የቀን ሥራ ሆኖ ታየኝ።

አባቴ ጫማዬን አየት አደረገና ቅጠሉን ለላሟ ሰጣት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። እስኪሞት ድረስ በአውራ ጣቱ ፈረመ።

ጫማው ክረምቱን እንኳን አልዘለቀም። ወረቀቱ ግን ይኸው፣ ምንም አልሆነም።

ዛሬ የልጅ ልጄ በስልክ መልእክት መላክ ያስተምረኛል። «ካርድ ትሞላልኛለህ አባባ?» ሳይል አይጀምርም፤ ደም አይካድም። እሞላለታለሁ። እሱም ቶሎ እንዲገላገለኝ ራሱ ይነካካና «አወቅህ አይደል?» ይለኛል።

«አወቅሁ» እለዋለሁ፣ ፊቴን ወረቀቱ ከተሰቀለበት ግድግዳ አዙሬ።