የአያ ታከለን ጋቢ ይዤ ማይክ ፍለጋ

ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ ማይክ ልመርጥ ነው። ዋየርለስ የሚሉትን፣ ሽቦ ሳይጎተት ድምፅ የሚልከውን። እዚህ ከተማ ካሜራ የያዘ ሞልቷል፤ ቪዲዮ አንሺ ግን እኔ ነኝ። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልለመንኩት። ሙሽራ ሳነሳ ግን እናቷ ራሷ «ይቺ የኔ ልጅ ናት?» ትላለች።

አንድ ጉድ ብቻ አለብኝ። ጎረቤቴ አያ ታከለ፣ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው፣ አምና ትልቋን ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ምስሉ ማር ነው። ምርቃታቸው ላይ ስንደርስ ግን አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ኮሽ ኮሽ ብቻ። «አሜን» ሲባል ደግሞ ድምፁ ተሰንጥቆ ጓ! ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያየ ነው ይሄ ሁሉ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ጥፋቱ ማይኩን የለጠፍኩበት የጋቢዎ ነው» አልኳቸው።

አሁን ታናሺቱን እሁድ ሊድሩ ነው። ሌላ ቪዲዮ አንሺ መጥራት ይችሉ ነበር፤ አልጠሩም። ሐሙስ ጠዋት ልሳፈር ስል ያንኑ ጋቢ አጣጥፈው ይዘው መጡ።

«በል፣ ጥፋተኛው ይኸው። ይዘኸው ሂድ።»

ገንዳ ውሃ

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል በሚኒባስ ተጠቅጥቀን ወጣን። ኮኪትን አልፈን ገንዳ ውሃ ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ጋቢውን ጎትቶ አወጣው። የሁላችንም ላብ በጀርባችን እየወረደ ነው።

«አንተ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ማይክ ልሞክርበት ነው።»

«ጋቢ ላይ?»

«ጋቢ ላይ።»

ጓደኛውን ጠርቶ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። «ሂድ፣ ተማም፣ ሰላም ነው!» ብሎ ሱዳንኛ ቀላቅሎ አሰናበተኝ። ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በሠላሳ ብር ጠጣሁ፤ በላዩ ላይ ሌላ ደገምኩ።

አይከል

ከነጋዴ ባሕር በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሜዳው ሁሉ ከኋላ ይቀራል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ መኪናው ያቃስታል። አይከል ለምሳ ወረድን። ሽሮዬን እየበላሁ ነፋሱ በቲሸርቴ ገብቶ አጥንቴን ቆጠረው። ሙቀት ላይ ጀግና ነኝ፤ ብርድ ላይ ግን ገና ተማሪ ነኝ። ጋቢውን አውጥቼ ተከናነብኩ።

«አባትህ ናቸው የሰጡህ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት።

«አይ እማማ፣ ማስረጃ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ጎንደር፣ አርብ ጠዋት

ፒያሳ አንድ የካሜራ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ኤርሚያስ ይባላል። ሶስት ማይክ ደረደረልኝና አንዷን ደረቱ ላይ ቆንጥጦ «ሄሎ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» አለ።

«ተው ወንድሜ፣ የኛ ሽማግሌ ሄሎ ብለው አይመርቁም። ይሄን ጋቢ ለብሶ የሚመርቅ ሰው አምጣልኝ።»

አብዷል ብሎ አየኝ። ግን የሕንጻው ጥበቃ አባ ሙሉ በር ላይ ነበሩና ጠራቸው።

«ማይክ ነው የምመርቀው?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔን ይመርቁኝ። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ሥራ አያጡም።»

የመጀመሪያዋ ትንሽ ናት፤ በማግኔት ትለጠፋለች። ጋቢውን አልብሼ ደረታቸው ላይ ለጠፍኳት። እጃቸውን ዘርግተው ሚስት እንዳገኝ መረቁኝ፤ ገበያተኛው አሜን አለ። ማዳመጫዬ ውስጥ ኮሽ ኮሽ ብቻ። ሚስቴ እዚያ ጠፋች።

ሁለተኛዋን ኤርሚያስ «ሁሉም የሚገዛት ይቺን ነው» ብሎ አመሰገናት። ያው ኮሽታ! አሜኑ ላይ ጓ አለች፤ አባ ሙሉ ከዓምዱ ጀርባ ሲዞሩ ጭራሽ ተቋረጠች። ልጆቼም እዚያ ቀሩ።

ሶስተኛው ወፈር ያለ ነው። ድምፅ ላኪው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከሱ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ የማሽላ ፍሬ የምታክል ማይክ። ከዓምዱ ጀርባ አልተቋረጠም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ ቅጂ ስለሚይዝ አሜኑንም ቻለው። ቢቋረጥ እንኳ ላኪው ራሱ ውስጡ ይቀዳል። ግን ጋቢው ላይ ስለጥፈው ኮሽታው አለ! ላብ መጣብኝ፣ በጎንደር ብርድ። ጋቢው ነው ብዬ ልፈርድ ስል አባ ሙሉ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እጄን ሳነሳ ጋቢው ይነሳል። አንተ እሚነሳው ላይ ትለጥፋለህ። ራሴ መች ይነሳል?» ብለው ኮፍያቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

ሽቦውን በጀርባቸው አሳልፌ ማይኳን የኮፍያቸው ጠርዝ ውስጥ ሸጎጥኳት። «ቤትህ ይሙላ፣ የያዝከው ይባረክ» ሲሉኝ ትንፋሻቸው ሳይቀር ጥርት ብሎ ገባ።

ማዳመጫዬን አወለቅኩ። ጋቢው ንጹህ ነበር። አምና ማይኩን እዚያ የለጠፈውስ ማን ሆነና?

ሶስተኛውን በሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ገዛሁ። ኤርሚያስ ካሁን ወዲያ ጋቢ ሱቁ ውስጥ እንደሚሰቅል ማለልኝ።

መተማ ዮሐንስ፣ ቅዳሜ

ቁልቁለቱን ሁሉ ምን ብዬ እንደማመካኝ ሳስብ ነው የመጣሁት። ቴክኖሎጂው ተቀይሯል ልል ነበር። አያ ታከለ ዳስ እያስጣሉ አገኘኋቸው።

«እህ፣ ተፈረደበት?»

«ጋቢው ነጻ ነው፣ አያ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቦታ ሳላውቅ ለጥፌ ነው።» ዳስ የሚጥሉት ሁሉ ሰሙ። ይስሙ።

አያ ታከለ ሳቁ። «እኔማ አምናውኑ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ጋቢውን ለምን ሰጡኝ?»

«ጎንደር በቲሸርት ልትሄድ ነበራ! ለብርድ ውሰድ ብልህ፣ እኔ ወንድ ነኝ ብለህ ትተኸው ትሄዳለህ።»

ማይኳን ኮፍያቸው ውስጥ ሸጎጥኩና «ይሞክሩልኝ» አልኳቸው። ጋቢውን ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው እኔኑ መረቁኝ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ከፈትኩላቸው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንዲህ አሳምሬ ነው ለካ የምናገር!» ማዳመጫውን ለማስመለስ ሶስት ሰው ገላገለን።

እናንተም ዕቃ ስትመርጡ በሄሎ አትሞክሩት፤ በሚውልበት ሥራ ሞክሩት። እጃችሁንም አብራችሁ ፈትሹ። እሁድ ዳሱ ሙሉ ሕዝብ አሜን ሲል አንዲት ኮሽታ አልሰማሁም። ቪዲዮ አንሺ እኔ ነኝ አላልኳችሁም?