ዓሣ ይዞ የሚለቅ ሰው

ባለቤቴ የአውራ ዶሮዬን አንገት መላጣ ያስቀረው በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ጠዋት ጥሬ ልበትንለት ስወጣ ዶሮው የተነጨ አንገቱን ደፍቶ አጥር ጥግ ቆሟል። ተመልሼ ስገባ ባለቤቴ፣ የሳይንስ አስተማሪው፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ የዶሮዬን ላባ ከእንዝርቴ ላይ በቆረጠው ጥቁር የበግ ጠጉር እየጠቀለለ ትንሽ መንጠቆ ላይ ያስራል። ምን እየሠራህ ነው ብለው ቀና እንኳ ሳይል «ዝንብ» አለኝ።

እኔ የዘመሮ ልጅ ነኝ። መንዝ ተወልዶ ጠጉር መፍተል የማያውቅ የለም፤ ግን ለባና፣ ለጠጉር ብርድ ልብሱ ነው የምንፈትለው። ለዝንብ ሲሆን ያን ቀን ማየቴ ነው። ዓለም ከተማ በትዳር መጥቼ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ሞባይል ገና አልደረሰንም፤ ፎቶ ለመነሳት እንኳ ፎቶ ቤት ተሂዶ ነው።

ባለቤቴ ይህን አመል ያመጣው ከጎባ ነው። እዚያ ሲያስተምር በቀዝቃዛዎቹ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል ዝንጉርጉር ዓሣ ነበረ አሉ፤ ፈረንጆች እየመጡ በላባ ዝንብ ያጠምዱታል፣ ይዘው ይለቁታል። ፈረንጆቹን ይመራ የነበረ አንድ ሽማግሌ ሥራውን አስተማረው፤ ሲዛወርም የማጥመጃ ዘንጉን ሰጠውና የሚይዘውን ዓሣ እንዳይገድል አስማለው። እሱም መሐላውን እንደ ንብረት ተሸክሞ እኔ ቤት ድረስ መጣ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይነጋ ወደ ቆላው ወንዝ ይወርዳል፤ ማታ ጫማው ርሶ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዓሣውስ ስለው «ለቀኩት» ይለኛል። ትልቅ ነበር ወይ ስለው «ትልቅ ነበር»። የመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። በአምስተኛው ቅዳሜ ሳቁ አለቀብኝ።

ጎረቤታችን ለጾሙ አንድ ዓሣ እንዲያመጣላት ብትለምነው «እኔ የምይዘውን አልገድልም» ብሎ መለሳት። ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ይያዘው። ግማሹ ሰው ቆላ ሴት አስቀምጧል አለ። ግማሹ ደግሞ፣ ያዘነልን ወገን ማለቴ ነው፣ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ሲቀመጥ ተለክፏል፣ ጠበል ይግባ አለ። መንጠቆ ገዝቶ የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ደፍጥጦ የሚጥል ሰው ጤነኛ ነው ብዬ የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም። ዓሣውን እንዳያቆስለው ነው ይለኛል። እኔን ግን ማቁሰሉን አላየም።

ወሬው ገበያተኛ ይዞት ዘመሮ ገባ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ናቸው፤ ቃላቸው አጭር ነው። «የፊታችን እሑድ ከሁለት ሽማግሌ ጋር እመጣለሁ፤ ወይ እሱ ጠበል ይገባል፣ ወይ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ» ብለው ላኩ።

«አንድ ዓሣ» አልኩት ባለቤቴን። «አንድ ብቻ አምጣና ፊታቸው ሰሃን ላይ አስቀምጥ። እብድም ውሸታምም እንዳልሆንክ ይዩና ይሂዱ።»

«ምያለሁ። ትልልቆቹ እኮ እናቶቹ ናቸው፤ ወንዙን የሚሞሉት እነሱ ናቸው።»

«እኔስ?»

ጎንበስ ብሎ ላባውን መጠቅለል ቀጠለ። ይህ ከስድብ የባሰ አንገበገበኝ። ቅዳሜ አብሬህ እወርዳለሁ አልኩትና ከነጠላዬ ሥር ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፌ ሸጎጥኩ፤ ዓሣ ከተያዘ ነጥቄ ላመጣው። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ዓሣ አለ ብዬ አይደለም የወረድኩት። ውሸታም ሆኖ ባገኘው ጥዬው መሄዱ ይቀለኝ ነበር።

ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል። ደጋው ብርድ ላይ ተነስተን ታች ስንደርስ ሙቀቱ ነጠላዬን አስወለቀኝ። ኅዳር ስለነበር ደፍርሶ የከረመው ወንዝ ጠርቶ ጠጠሩ አንድ ባንድ ይታያል። ትልቅ ሾላ የተንጋደደበት ጥልቅ ኩሬ ጋ ስንደርስ ባለቤቴ በእጁ ምልክት ቁጭ በይ አለኝ። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳይሰብር የማያልፍ ሰው፣ ድንጋይ ለድንጋይ ኮሽታ ሳያሰማ ሄደ። ዘንጉን ወደ ኋላ ወሰደው፣ ወደ ፊት መለሰው፤ ክሩ ከራሱ በላይ በአየር ላይ ተዘረጋና የዶሮዬ ላባ ውሃው ላይ እንደ እውነተኛ ዝንብ አረፈ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ምናልባት አርባ ጊዜ ጣለው። ምንም የለም። ውስጤ «ይኸው» ይላል።

ከሾላው ጥላ ሥር የወንዙ ወለል የመሰለኝ ነገር ተንቀሳቀሰ። ድንጋይ ነው ብዬ ሳየው የቆየሁት ነው። ቀስ ብሎ ወደ ላይ መጣ፣ አፉን ከፈተ፣ ዝንቡም አልነበረም። ዘንጉ ጎበጠ። ክሩ ከመጠቅለያው እየጮኸ ወጣ፤ ባለቤቴ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየገባ ተከተለው። እኔ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ስንት ጊዜ እንደቀረበ፣ ስንት ጊዜ ተመልሶ ወደ ጥልቁ እንደገባ አልቆጠርኩም፤ አፌ ላይ እጄን ጭኜ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ዳር አመጣውና ከውሃው ሳያወጣ በሁለት እጁ ደገፈው። ቀረብኩ። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ያለውን ያልፋል። ጀርባው የወይራ ቅጠል ነው፣ ጎኑ ንሐስ፤ ቅርፊቱ አንድ አንዱ አምስት ሳንቲም ያህላል። ዓይኑ ዙሪያውን ወርቅ ነው፤ ያየኛል። ባለቤቴ መንጠቆውን ነቀለና ቀና አለ።

«ማዳበሪያ መያዝሽን አውቃለሁ» አለኝ። «ውሰጃት። አንቺ ከምትሄጂብኝ እሷ ትሂድ። መሐላው በእኔ ላይ ነው።»

ይህን ያለኝ ሰው ስለ ወንዙ ሲያወራ እንጀራ የሚረሳ ሰው ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። እጅሽን በደንብ አርጥቢ፣ ደረቅ እጅ ያቃጥላታል አለኝ፤ አረጠብኩና ከሆዷ ሥር አስገባሁ። ክብደቷ ብቻ አይደለም። ስትተነፍስ ሰውነቷ መዳፌ ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠባል። ከታቦት ፊት በስተቀር እንዲያ ያለ ፍርሃት ተሰምቶኝ አያውቅም። እኛ ላይ ገበያ ስንወጣ፣ ስንጣላ፣ ሰው ስናማ፣ ይህች ፍጥረት እዚህ ታች በጸጥታ ስትኖር ኖራለች። ማን ሠራት፣ ለማን ብሎ እንዲህ አሳመራት ብዬ አሰብኩ፤ ማዳበሪያው ከብብቴ ወድቆ ውሃው ሲወስደው ባለቤቴ ነው ያየው።

ራሷን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሬ ያዝኳት፤ እሱ እንዳሳየኝ። ትንፋሿ ተመለሰ። ጅራቷ አንዴ ክንዴን ገፋውና እጄ ባዶ ቀረ።

እሑድ አባቴ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር አቧራ ለብሰው ገቡ። ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እህል አይቀምስም፤ ማዕዱን ባቀርብ መልሺው አሉኝ። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ በሩ ጋ ቆመ።

«ትናንት አብረሽው ወንዝ ወርደሽ ነበር አሉ፤ ዓሣውን አየሽ?» አሉ አባቴ።

«አየሁ፣ አባዬ። አለ።»

«የታለ?»

«ተለቀቀ።»

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። «እሷንም ይዟታል» አሉ ለጓደኛቸው፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። አባቴ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማነው የለቀቀው?»

«እኔ ነኝ። እሱማ ውሰጃት ብሎኝ ነበር፤ መሐላውን ሊያፈርስልኝ። እጄ እምቢ አለኝ፣ አባዬ። እንዲያ ያለ የእግዚአብሔር ሥራ በእጄ ይዤ አላውቅም።» ከዚህ በኋላ እንባዬ መጣ፤ እያለቀስኩም ተናገርኩ። «ጠበል ከወሰዱት እኔንም ይውሰዱኝ። ዘመሮ ግን አልመለስም። ቤቴ ይኸው ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች አባቴን ያያሉ። አባቴ ባለቤቴን ያዩታል፤ ከጫማው እስከ ተላጠው አፍንጫው።

«እንግዲያ የምንወስደው ሰው የለም» አሉ። «እጃችንን አስታጥቢን።»

ውሃ ሳፈስላቸው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ በቀስታ «ምን ያህላል?» አሉኝ። ማስታጠቢያውን አስቀምጬ ሁለት እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«ቀንሰሽዋል» አለ ባለቤቴ ከበሩ። በአባቴ ፊት ድምፁን ሲያሰማ የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ቀና ብለው አዩትና አጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው መታ መታ አደረጉለት።