በር የሌለው መናፈሻ፦ ከቡታጅራ እስከ ጉብሬ ከአንድ ዝግባ ጋር

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የቀለም ቆርቆሮ አቅፌ ከቡታጅራ ተነሣሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ቁመቱ አንድ ክንድ የሚሆን የዝግባ ችግኝ አለ። የምሄደው ወልቂጤ ከተማ ዳር ወዳለችው ጉብሬ ነው። እዚያ ያሉትን መናፈሻዎች ዞሬ አይቼ፣ ከሁሉም የሚሻለውን መርጬ፣ ችግኙን ተክዬ ልመለስ ነው።

ችግኙ የእህቴ የመቅደስ ነው። ዘሩን ራሷ ናት የዘራችው። መቅደስ ጉብሬ የጤና ባለሙያ ነበረች፤ የክትባት ሣጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ በየመንደሩ ትዞራለች። እሑድ እሑድ ደግሞ መናፈሻ ትዞር ነበር። አባታችን መምህር ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ለሁሉም ነገር ማርክ መስጠት ትወዳለች። በአንድ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ የመናፈሻዎቿን ስም ዝርዝር ጽፋ፣ ከአሥር ስንት ስንት እንዳገኙ አስፍራለች። ለጥምቀት ስትመጣ ችግኙንም ደብተሩንም እኛ ቤት ትታ፣ «ዮኒ፣ አደራ አጠጣው። ክረምት ሲገባ ከመናፈሻዎቼ በአንዱ አብረን እንተክለዋለን» አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ታመመች። ሳምንት አልቆየችም።

የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። ግቢው ልብስ ከማስጫ አያልፍም፤ ለዝግባ የሚሆን ቦታ የለውም። ሥሩ ደግሞ ቆርቆሮውን ሞልቶ ከታች ባለው ቀዳዳ መውጣት ጀምሯል። እናቴ አየችውና፣ «ይህ ክረምት ካለፈው አይተርፍም» አለች። ይኼኛው አይሞትም አልኩ። ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም፤ ግን አልኩ።

ጠዋት 12፡30፣ መናኸሪያ

የሚኒባሱ ረዳት ቆርቆሮዬን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ተሳፋሪ ነው ወይስ ጭነት?»

«ችግኝ ነው።»

«ችግኝ መሆኑንማ አየሁ። ይቀመጣል ወይስ ላይ ይጫናል?»

«ጭኔ ላይ ነው የምይዘው።»

ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ፣ «ተወው እባክህ፣ ካንተ የተሻለ ጸባይ አለው። ቢያንስ አይጮህም» አሉት። ሰው ሳቀ። ረዳቱም ሳቀና በሩን ዘጋ። ሴትየዋ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

«ለማን ነው የምትወስደው ልጄ?»

«ጉብሬ ነው የምወስደው፤ ለእህቴ።»

«ጉብሬ ናት?»

ነበረች ማለት ነበረብኝ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ መስኮቱን ብቻ ነው ያየሁት።

ከቡታጅራ ወጥተን የመስቃንን ማሳዎች እንዳለፍን መንገዱ ወደ ዘቢዳር ተራራ መውጣት ጀመረ። ጉም ወረደ። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ በየመታጠፊያው እያዘገመ ይሄዳል። ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ሲገባ ጃኬቴን አውልቄ ዛፉን ሸፈንኩት። ረዳቱ አይቶኝ መጥቶ መስኮቱን ገፍቶ ዘጋው። በወዲያኛው በኩል ስንወርድ ዝናቡ አባራ። መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰት ሆነ፤ ሰፋፊ ቅጠሉ ላይ ውኃ ቋጥሮ ያበራል። አገና ላይ መኪና ቀየርኩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ ጉብሬ ገባሁ።

የመጀመሪያው፣ ባለ አጥሩ

መቅደስ ስለዚህኛው የጻፈችው፦ «5/10። ወንበሩ ቀለም አለው፤ ጥላ የለውም።» ልክ ናት። በአረንጓዴ ብረት የታጠረ ነው። በር ላይ ዘበኛ አለ። ውስጡ ቀለም የተቀቡ የመኪና ጎማዎች አፈር ተሞልተው አበባ ተተክሎባቸዋል። መሃሉ ላይ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት በልብ ቅርጽ የተበየደ ትልቅ ብረት ቆሟል። አሥራ አምስት ብር የሆነ ሻይ ጠጣሁ። ፀሐዩ አናቴን በላው። ከዚያ ዘበኛውን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህን እዚህ መትከል ይቻላል?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዝግባ።»

«ዝግባ!» አሉና ወደ ብረቱ ልብ አመለከቱኝ። «አድጎ ይሄን ቢጋርደው ሙሽራው ምን ፊት ቆሞ ፎቶ ሊነሣ ነው? ጽጌረዳ ይዘህ ና፣ እኔ ራሴ እተክልልሃለሁ።»

አመሰገንኳቸው። የአምስቱን ማርክ ምክንያት አይቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው፣ ወንዝ ዳር ያለው

«7/10። ውኃው ይሰማል። ወጣቶቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ይረሳሉ።» ይረሳሉ የሚለው አልገባኝም ነበር። ቦታው ከጉብሬ መሃል በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ይርቃል። የሰፈር ወጣቶች ቁልቁለቱን አጽድተው፣ ከባሕር ዛፍ ግንድ አግዳሚ ሠርተው፣ ምግብም ይሸጣሉ። ቆጮ በጎመን ክትፎ በላሁ። ሌሊቱን ዝናብ ስለነበር ወንዙ ደፍርሶ ይጮሃል። ጥሩ ቦታ ነው፤ እውነቴን ነው። እዚሁ ይሁን ብዬ ልወስን ምንም አልቀረኝም።

ምግቡን ያመጣልኝ ወጣት፣ «ትከል ብሮ! የፈለግህበት! ዛፍ አንከለክልም» አለኝ። ቦታ ልመርጥ ወደ ዳገቱ ወጣሁ፤ ወጣቱም ተከተለኝ። እዚያ ነው ያየሁት። በመስመር የተተከሉ ችግኞች፣ ከጎን ከጎናቸው ድጋፍ እንጨት የቆመላቸው። እንጨቶቹ ቆመዋል። ችግኞቹ ደርቀዋል። አንዲት ፍየል የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ትለቅም ነበር።

«እነዚህን ማን ተከላቸው?»

«አምና ብዙ ሰው መጥቶ ነው የተተከሉት። ደስ የሚል ቀን ነበር።»

«ማን ያጠጣቸዋል?»

«እንግዲህ… የተከለው ይመጣል ብለን ነበር።»

እኔም ከቡታጅራ እየመጣሁ ማጠጣት አልችልም። ቆርቆሮዬን አነሣሁ። ሰማዩ እየጠቆረ ነው፤ ሰዓቱም ሰባት አልፏል። በዝርዝሩ ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ስለ እሱ የተጻፈው፦ «ጀፎረ። ከመጨረሻው ወፍጮ ቤት አለፍ ብሎ። 10/10። በር የለውም።»

አቶ ጀፎረ

ባጃጅ አቆምኩ።

«ጀፎረ ፓርክ ታውቃለህ?»

«ምን ፓርክ?»

«ጀፎረ። ሰውዬው ይሆኑ ይሆናል ያቋቋሙት። አቶ ጀፎረ።»

ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «አቶ ጀፎረ! ይሄን እናቴ በሰማች! ከየት ነው የመጣኸው ወንድሜ?»

«ከቡታጅራ።»

«ከቡታጅራ መጥተህ ነው ጀፎረን ሰው የምታደርገው?»

አፈርኩ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ቡታጅራ ከገባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ከተማ ውስጥ ሁሉም በአማርኛ ስለሚያናግረኝ የአገሬውን ቋንቋ፣ ጉራጊኛውን፣ ጠይቄ አላውቅም። መቅደስ ግን ለሥራዋ ስትል ተምራዋለች። ሾፌሩ እስክንደርስ ድረስ አስረዳኝ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። የሁሉም ነው፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ወፍጮ ቤቱን አልፈን ከጭቃው ስንወጣ፣ «ይኸው አቶ ጀፎረ፣ ሰላም በለው» ብሎኝ ሄደ።

ቆሜ ቀረሁ። ሣሩ በግ ግጦት አጭር ሆኗል፤ ምንጣፍ ይመስላል። ስፋቱ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል፤ ርዝመቱ መጨረሻው አይታይም። ግራና ቀኙ የሣር ቤቶች፣ ከየቤቱ ኋላ እንሰት፣ ከየአጥሩ ፊት ትልልቅ ዛፎች በመስመር ቆመዋል። መሃሉ ላይ ምንም የለም። ማርኩ አሥር የሆነበት ምክንያት ገባኝ። ዛፉ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ ብዬ መሃል ለመሃል ሄጄ ተንበረከክሁና፣ ከቤት ባመጣሁት አጭር መቆፈሪያ ሣሩን መቁረጥ ጀመርኩ።

«አንተ! ምን ጠፍቶብህ ነው?»

ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው እየመጡ ነው። ኋላ አቶ በርጋ እንደሚባሉ አወቅሁ።

«ዛፍ ልተክል ነው አባባ።»

«እዚህ? ሙሽራ በየት ሊያልፍ ነው? የመስቀል ደመራ የት ሊቆም ነው? እኔስ ስሞት ለቀስተኛዬ የት ይቁም? ያንተ ዛፍ ላይ ይውጣ?»

«ባዶ መስሎኝ…»

«ባዶ! ለመስቀል ብትመጣ መቆሚያ አታገኝም ነበር። በል፣ ሣሩን መልስ። እንደነበረ አድርገህ መልስ።»

የቆረጥኩትን ሣር መልሼ በመዳፌ ጠቀጠቅሁት። እሳቸው ቆመው ያያሉ።

«ማን ነው እዚህ ትከል ያለህ?»

«እህቴ። ደብተሯ ላይ… አሥር ከአሥር ሰጥታው ነበር። ጤና ባለሙያ ናት። መቅደስ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የክትባቷ መቅደስ? ያቺ ቀጭኗ? እንዲያ አትለኝም! ተዛወረች ብለን ተቀይመናት ነበር እኮ። አንድ ቀን እንኳ ሳትሰናበተን!»

በመኪና ውስጥ «አዎ» ብዬ አልፌዋለሁ። ለጎረቤትም፣ ለጓደኞቼም «ዐረፈች» የሚለውን ሌላ ሰው ነው የሚነግርልኝ። ያችን ቃል አንድም ቀን በአፌ ብያት አላውቅም። አሁን ግን እኔ ካልተናገርኩ እሳቸው በቅያሜ ሊኖሩ ነው።

«አልተዛወረችም አባባ» አልኩ። «ሞተች።»

አቶ በርጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በትራቸውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው እዚያው፣ እኔ በቆፈርኩበት አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ቤቶቹ ዞረው በራሳቸው ቋንቋ ጮክ ብለው ተጣሩ። ከተናገሩት የለየሁት ስሟን ብቻ ነው።

ከየበሩ ሰው ወጣ። ነጠላውን እያዘቀዘቀ የሚመጣ አለ፤ እጁ ጭቃ የሆነ አለ። መጥተው ተቀመጡ። አንዳንዱ እጄን እየያዘ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»፣ አንዳንዱ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይለኛል። ዘይነባ የሚባሉ እናት በለቅሷቸው መሃል፣ «ይቺ ጉድ! በሬ ላይ ቆማ ‹እማማ ዘይነባ፣ ልጅ ደብቀው ከሆነ እኔ ራሴ ገብቼ አልጋ ሥር እፈልጋለሁ› ትለኝ ነበር። ደግሞም ትፈልጋለች!» አሉ። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ቡታጅራ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አላለቀስኩም ነበር።

ዝናቡ ሳይመጣ ብለው ተነሡ። እማማ ዘይነባ ወደ አጥራቸው ወሰዱኝ። ባለፈው ክረምት ነፋስ የጣለው ዛፍ ነበራቸው፤ በመስመሩ መሃል እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት ሆኗል።

«እዚህ ትከለው። ከበሬ ፊት የቆመ ዛፍ በኔ ነው። ፍየል ቢነካው የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ውኃስ?»

«ውኃ ትጠይቀኛለህ? ስንት ልጅ አሳድጌያለሁ!»

ቆርቆሮውን ሁለት ወጣቶች በመጥረቢያ ቀደዱልኝ። ሥሩ ክብ ሆኖ ተጠምጥሞ ነበር፤ አቶ በርጋ ቀስ ብለው በጣታቸው ፈቱት። አፈሩን እኔ ሞላሁ። እዚያ አካባቢ ካሉት ሁሉ ትንሹ እሱ ነው፤ ሆኖም በመስመሩ ውስጥ ቆሟል።

ስሰናበት አቶ በርጋ፣ «ቀብሯ ላይ አልደረስንም፤ አልሰማንም። ነገ እሑድ እንመጣለን። ቤታችሁ ቡታጅራ የት ላይ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ማታ 12፡15፣ ቤት

ጀምበር ሳትጠልቅ ደረስኩ። እናቴ ባዶ እጄን አይታ ውኃ አምጥታ አስታጠበችኝ። አባቴ ደብተሩን ተቀብሎ የኋላውን ገጽ ገለጠ። ከእህቴ ሞት ወዲህ ብዙ አይናገርም።

«አሥር የሰጠችው ትክክል ነው?» አለኝ።

«ትክክል ነው።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሞቷን ለዘመድና ለመሥሪያ ቤት ነግረን የጨረስን መስሎን እንደነበረ ነው። መቅደስ የነበራትን ሰው ሁሉ አናውቅም ነበር። እነሱም ሳትሰናበተን ሄደች ብለው ተቀይመዋት ከርመዋል። ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቅሁትን ቋንቋም ከዚህ በኋላ እጠይቃለሁ፤ ዛፉን ልጎበኝ ስሄድ እማማ ዘይነባን በቋንቋቸው ሰላም ማለት እፈልጋለሁ።

«ነገ ለቀስተኛ ይመጣል» አልኩት አባቴን።

«ስንት ሰው?»

«መንደሩ።»

አባቴ ደብተሩን ዘጋ። ኮቱን ለበሰና ከእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ሊያስመጣ ወጣ።