እናቴ ወደ ሩጫው ሜዳ ይዛ የመጣችው አገልግል

ፓፓያ ሲላጥ ከሸተተኝ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ሌላው ሰው ጣፋጭነቱን ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው ሀፍረቴን ነው። ባደግኩባት መርሳ ከተማ ያኔ ፓፓያ እጅግ ርካሽ ነበር፤ በየጓሮው እየወደቀ ወፍ ይበላው ነበር። ለእራቴ እሱን ቆርሼ ስቀመጥ ግን ቤታችን ውስጥ ሰው የታመመ ያህል ጸጥታ ይወርድ ነበር።

እናቴ በአስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። ከአሰብ ጭነው ወደ ሰሜን የሚያልፉ ሾፌሮች የሷን ምንቸት አብሽ ሳይበሉ አይሄዱም። አባቴ ደግሞ እዚያው በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለፈ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሩጫም የጀመርኩት ያኔ ነው።

የስፖርት አስተማሪያችን ከናዝሬት የመጣ ወጣት ነበር። በአውራጃው ውድድር እንድሮጥ መረጠኝና ቅባት እንድቀንስ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ፍራፍሬ እንዳዘወትር መከረኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ ቅቤ የነካው ወጥ በቀረበ ቁጥር ሳህኔን ገፋ ማድረግ ጀመርኩ። ተርቤ አላውቅም፤ እንዲያውም ሰውነቴ እንደዚያን ጊዜ ቀሎኝ አያውቅም።

እናቴ መጀመሪያ «ኮሶ ነው» አለች። ወቅጣ በጥብጣ በባዶ ሆዴ ጋተችኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው ምን እንደሚሆን የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከጓሮ አልተመለስኩም። በማግስቱ ጉንጬ ጎድጉዶ ስታየኝ «ይኸው፣ አላልኩም? ልጄ እያለቀች ነው» ብላ አባቴ ፊት አለቀሰች። ያከሳኝ መድኃኒቷ እንደሆነ ብናገር ማን ሊሰማኝ! ደንበኞቿም አላረፉላትም። «የገዛ ልጅሽ የጠላችውን ለእኛ ታቀርቢያለሽ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ከአንገት በላይ ትስቃለች።

ቀጥሎ አባቴ ተነሳ። አንድ ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈን መዝሙር ልንጀምር ስንል፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ግቢያችን ገባ። አስተማሪው ፊት ቆመና ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ «መምህር፣ ልጄን ምን አስነኩብኝ? የእናቷን ምግብ አልቀምስም ብላለች» አለው። ሰልፉ በሳቅ ተበተነ። አስተማሪው ደንግጦ ስለ ቅባትና ስለ ጎመን ሊያስረዳው ሞከረ። «ጎመኑንማ ሲቸግረን በልተነዋል፤ ዛሬ እንጀራና ወጥ ሞልቶ ምን ቆርጧት!» አለና ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሌ ልጆች ስሜን ትተው «የተነካችው» ይሉኝ ጀመር። የማሸንፈው እነሱን ዝም ለማሰኘት ነው ብዬ ለራሴ ማልኩ።

የውድድሩ ቀን ወልድያ ሄድን። መስመር ላይ ልንቆም ስንዘጋጅ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች እናቴ መጣች። ጋሼ ይመር የሚባል ሾፌር ደንበኛዋ በጋቢናው አምጥቷት ኖሯል። አገልግሉን ሳሩ ላይ ፈታችው፤ የዶሮ ወጡ ሽታ ከሩቅ ይጠራል። ጠቅልላ እጇን ዘረጋችልኝ።

«እማ፣ ልሮጥ ነው እኮ፤ በኋላ» አልኳት በሹክሹክታ።

«አንዲት ጉርሻ ሆዴ። ስሞትልሽ፣ አንዲት ብቻ።»

የወልድያ ልጆች ከበውን ይንከተከታሉ። እምቢ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እናቴ እጇን አላጠፈችም፤ መረቁ በክርኗ ወረደ።

«ፊትሽን አታዙሪብኝ!» ብላ ጮኸች። «እነዚያ ልጆች እንዲህ ፊታቸውን ሲያዞሩ ነው የሞቱብኝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። በድርቁ ጊዜ ከየገጠሩ የመጣ የተራበ ሰው በረንዳችን ላይ ይወድቅ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔን ግን ከጓሮ አታስወጣኝም ነበር። ለልጆቻቸው በእጇ ስታጎርስ ውላ ትገባና ምን እንዳየች ሳትነግረን ትተኛለች። ስጡኝ ብለው የሚያለቅሱት ይተርፉ ነበር፤ ምግብ አፋቸው ድረስ ሲመጣላቸው ፊታቸውን የሚያዞሩት ግን አያድሩም ኖሯል። ይህን ያወቅኩት እዚያ ሜዳ ላይ፣ ካኔቴራ ለብሼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።

አፌን ከፈትኩ። አጎረሰችኝ፤ ደገመችኝ፤ እስክትረጋጋ ድረስ በላሁላት። ከዚያ ሮጥኩ። ገና በሁለተኛው ዙር ጎኔን ውጋት ያዘኝና ከሁሉም መጨረሻ ገባሁ። እናቴ ግን አንደኛ የወጣሁ ያህል እልልታዋን አቀለጠችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያፈርኩት በእሷ ይሁን በራሴ ዛሬም በደንብ ለይቼ አላውቀውም።

አሁን የምኖረው ወልድያ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ምግብ ቤት ስንገባ «ዘይት እንዳይገባበት» ብላ ታዛለች፤ አስተናጋጁም አይገረምም። እራቱን ሰላጣ በልቶ ማደር የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። እኔም በርቺ እላታለሁ፤ ጤንነቷን እየጠበቀች እንደሆነ ይገባኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ቁርሷን ሳትነካ ወጣች። እስከ ረፋድ ሥራዬ ላይ ለመቀመጥ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ዳቦ በእንቁላል በፌስታል ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ተገተርኩ። ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ አየችኝ። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችኝና፣ «እማ፣ በናትሽ ሂጂልኝ፤ አዋረድሽኝ እኮ!» አለችኝ። ፊቷ ቀልቷል።

ፌስታሌን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ባጃጁ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ ነጂው «ደህና አይደሉም እንዴ እናቴ?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። ልጄ በዕድሜዋ ሙሉ በምግብ ምክንያት የደረሰባት ትልቁ መከራ እናቷ ይዛላት መምጣቷ ነው።